ወደ ግራ የሚዘጋው ቧንቧ

ሰው ሁሉ ጋሽ ጠብታ ይለዋል። ስሙን ሚስቱ ታውጣለት ወይስ የሰፈር ሰው፣ ዛሬ ደፍሮ የሚናገር የለም፤ ምክንያቱ ግን ከማንም የተሰወረ አይደለም። ይህ ቧንቧ ሠራተኛ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሰርግ ተጠርቶ ሄዶ፣ ሙሽሮቹ ሳይገቡ እሱ የአዳራሹ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የክት ሱሪውን ሰብስቦ ተንበርክኮ ተገኝቷል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦም ሐዘንተኛውን ማጽናናት ሲገባው ጆሮውን ወደ ጓሮ አቁሞ "ይሄ ነገር ከጀመረው ስንት ቀኑ ነው?" ብሏል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች "እኔ ብጠፋ አይፈልገኝም፤ እየተንጠባጠብኩ ከጠፋሁ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያገኘኛል" እያለች ታስቅበት ነበር።

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃምሳ አምስቱን ያሳለፈው በሰው መታጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ የቆዳ ቦርሳው ሥራ ነው። ቦርሳው የአለቃው ነበር። አለቃው ማለት በአሥራ ስድስት ዓመቱ የመፍቻ አያያዝ ያስተማረው፣ ሚስትም ልጅም ያልነበረው፣ ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ሰው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚጦረው ዘመድ ጠፋ። ጋሽ ጠብታ ያኔ ከሚስቱና ከአራስ ልጁ ጋር በአንዲት ክፍል ተጣቦ ነበር የሚኖረው፤ ልውሰደው ቢልም የሚያስተኛበት ቦታ አልነበረውም። ሽማግሌውን የተቀበለው ከመንገዱ ጫፍ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው።

መጦሪያ ቤቱን የሰፈሩ ሰዎች አዋጥተው ያቆሙት ነው፤ ከሰው ቸርነት በቀር ሌላ ገቢ የለውም። አለቃው አራት ዓመት ኖረበት። የሞተ ዕለት ጋሽ ጠብታ ሊሰናበተው ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው እጁ ላይ ነበር። ጥፍሮቹ ተቆርጠው፣ ነጭ ሆነው፣ በአንሶላው ላይ ተዘርግተዋል። የቧንቧ ሠራተኛ ጥፍር ነጽቶ አያውቅም፤ በዓመታት የገባበት ጥቁር ነገር በሳሙናም በነዳጅም አይለቅም፤ አንድ ሰው በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ፣ ሳይሰለች፣ ቆርጦና ፈትጎ ካላጸዳው በስተቀር። ጋሽ ጠብታ ለአባቱ ሞት ያላለቀሰውን ለእነዚያ ጥፍሮች አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጦሪያ ቤት ይገባል። ዋጋ አይቀበልም። ሻይ እንኳ ቢያቀርቡለት "ለሥራ የመጣ ሰው ሻይ አይጠጣም" ብሎ ይመልሰዋል። ቧንቧዎቹን እየዞረ ያዳምጣል፤ ያለቀ ጎሚኒ፣ ያቺን ውሃ የምትይዘውን የቧንቧ ጎማ፣ ይቀይራል፤ ሲጨርስ እዚያው ከሚጦረው ፖስተኛ ጋር አንድ ዙር ዳማ ይጫወታል። ፖስተኛው አርባ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ ለራሱ አንድም ሳይደርሰው ያረጀ ሰው ነው። አሁን አንድ ዓይኑ አያይለትም፤ በማያየው ዓይኑ እያሳበበ ቆርኪ ይሰርቃል።

እዚህ ላይ ሳይደበቅ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ከብዙ ዓመት በፊት እጁ የማያርፍ አንድ ዘበኛ የግቢውን ዋና የውሃ መዝጊያ አለመጠን አጥብቆ አዙሮ ጥርሱን በላው። ጋሽ ጠብታ ቆሽቱ አረረ። የተበላሸውን ነቀለና በምትኩ ሌላ፣ ማንም እንዳይደርስበት አድርጎ ቀበረ፦ ማድቤት ውስጥ፣ ከዱቄት በርሜሉ ሥር፣ ከግድግዳው ሦስተኛው የወለል ድንጋይ በታች። የቀበረውም ከአለቃው ዕቃዎች መካከል ያገኘውን፣ ከሌላው ሁሉ በተቃራኒ ወደ ግራ ሲያዞሩት የሚዘጋ አሮጌ መዝጊያ ነበር። መዝጋት ሲያስፈልገው ወጥ ቤቷን "እስቲ አንዴ ወጣ በይ፣ አቧራ አለው" ብሎ ያስወጣትና በሩን ከኋላዋ ይገጥማል። ለምን ደበቅኸው የሚለው ቢኖር ለቤቱ አስቤ ነው ባለ ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሌላ ነው፤ ያለ እሱ ውሃ የማይዘጋበት አንድ ቤት በዚህ ዓለም ላይ በመኖሩ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልቡ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት የመጦሪያ ቤቱ ትልቅ ደጋፊ የነበረው የዱቄት ነጋዴ ሞተ። ሰውየው በየወሩ ሳያጓድል ዱቄት ይልክ ነበር። ልጆቹ የቀብሩ ዕለት የአባታችንን ሥራ አናቋርጥም አሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የውሃ ሽታ ሆኑ። ክፉዎች ሆነው አይደለም። የአባትየው ስጦታ ልቡ ውስጥ ነበር እንጂ ወረቀት ላይ አልነበረም፤ ልብ ደግሞ አይወረስም። የመጦሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀይ ሹራብ የማይለያት ቆጠብ ያለች ሴት፣ አልጋ ሲለቀቅ በምትኩ ሰው ማስገባቷን ተወች። ስድስት አልጋዎች ፍራሻቸው ተጠቅልሎ ባዶአቸውን ቀሩ። መሳቢያዋ ውስጥ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ አሥራ ዘጠኝ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስም ነበር። ጋሽ ጠብታ አንድ ቅዳሜ በመኝታ ክፍሉ ሲያልፍ ፍራሻቸው ከተጠቀለለባቸው አልጋዎች አንዱ የአለቃው እንደነበረ አየ። የዚያን ቀን ዳማም አልተጫወተ።

ያለው ሀብት ቤቱ ብቻ ነው። ከጓሮ በኩል የሚኖርባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ የሚያከራያቸው ሦስት ሱቆች። አንደኛውን ፀጉር ቆራጭ፣ ሁለተኛውን ደብተር ሻጭ፣ ሦስተኛውን ጫማ ሻጭ ይዘውታል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ያለችው አንድ ልጁ ናት፣ ወዲያ ማዶ መድኃኒት ቤት የምትሠራ። መጀመሪያ የሄደው እሷ ዘንድ ነው። የጓሮው ቤት ለአንቺ፣ ሱቆቹ ለመጦሪያ ቤቱ ይሁኑ ብዬ ነበር፣ ምን ትያለሽ አላት። ልጅቱ የያዘችውን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና፣ "አባዬ፣ እኔ እጄ አልተሰበረም፤ ስጥ" አለችው። ከዚህ በላይ አላወሩም፤ በዚያ ቤት ሰው ስሜቱን በብዙ ቃል አይገልጽም።

ቀጥሎ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃው ከዳቦ ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ዶሴዎቹ ሁሉ ዳቦ ዳቦ የሚሸቱ ሰው ነው። ነገሩን ቀለል አድርጎ አስረዳው። እሱ ከሞተ በኋላ ሱቆቹ ለመጦሪያ ቤቱ ይተላለፋሉ፤ ግን አይሸጡም፣ አይለወጡም፤ ኪራያቸው ብቻ ከዓመት ዓመት ለቤቱ ይውላል። ላሟ አትታረድም፣ ወተቷ ይጠጣል፤ ዘንድሮም፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመትም። ጋሽ ጠብታ ይህን በሥራው ቋንቋ ተረጎመው። የዱቄት ነጋዴው በየወሩ ጋን እየሞላ ይሰጥ ነበር፤ ይሄኛው ግን ምንጭ ማጎልበት ነው። በጣም ደስ አለው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ታሪኩም እዚህ ያልቅ ነበር። አላቆመም። ጻፍ አለ። ገንዘቡ ለውሃና ለቧንቧ ብቻ ይውላል። ለዳቦ አይሆንም፤ ዳቦ ሌላ ሰው ይስጥ። ለቀለምም አይሆንም። ጎሚኒ የሚገዛው ከድልድዩ አጠገብ ካለው ሱቅ ብቻ ነው። የሚቀጠረው ቧንቧ ሠራተኛ ዕድሜው ከአርባ በላይ የሆነ፣ የማይጠጣና ሥራ ላይ የማያፏጭ መሆን አለበት። አንድ ቧንቧ ከሦስት ቀን በላይ ካንጠባጠበ ስጦታው ይፈርሳል። ጠበቃው ሰባተኛው ግዴታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠና "ጋሼ፣ ይሄ ኑዛዜ ነው ወይስ የትራፊክ ሕግ?" አለው። ጋሽ ጠብታ ስምንተኛውን ቀጠለ። በመጨረሻ አሥራ አራት ሆነ። ጠበቃው ግዴታው ቤቱን የሚያስር ስለሆነ ኃላፊዋ ታንብበውና ተስማምታ ትፈርም አለ።

ኃላፊዋ ስታነብ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጋሽ ጠብታ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ከንፈሯን እያየ የትኛው ላይ እንደደረሰች ይቆጥር ነበር። ምስጋና እየጠበቀ ነው፤ ቢያለቅሱልኝ ምን እላለሁ ብሎም አስቦበታል። እሷ ግን ወረቀቱን አንብባ ጨርሳ፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች በመጨረሻ። "ይሄን ለማሰብዎ ብቻ ዕድሜ ልኬን አልረሳዎትም። ግን አልፈርምም።"

"ለምን ተብሎ?"

"ቧንቧው እርስዎ እያሉ አንድ ቀን አስቸግሮን አያውቅም። ያስቸገረን ዳቦ ነው። በዚህ ወረቀት ከሄድኩ ገንዘብ እያለኝ ሰው ከበር ልመልስ ነው። ደግሞ የዛሬ ሃያ ዓመት ምን እንደሚቸግረን እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ። በአንድ እጅዎ ሰጥተው በሌላው ይዘውታል፤ ይልቀቁትና ልቀበልዎት።"

ጋሽ ጠብታ ያልታሰረ ነገር ይባክናል አለ። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ መሃል ከተተውና ወጣ። ሰላም ዋሉም አላለ።

አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል እንደሚባለው፣ ኩርፊያው የጎዳው እሱን ነው። ሦስት ቅዳሜ ቀረ። ቤቱ ተቀምጦ የራሱን ቧንቧዎች ያዳምጣል፤ አንዱም አይንጠባጠብም። አንድ የሚያፈስ ነገር ቢያገኝ ደስ ባለው ነበር። ፖስተኛው በፀጉር ቆራጩ በኩል "ቆርኪው አቧራ ጠጣ፤ አሸንፌሃለሁ ብዬ ልመዝግብ?" የሚል መልእክት ላከበት። አልመለሰም። ልጁ እሑድ ልትጠይቀው ስትመጣ በደሉን ዘረዘረላት፤ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ ያላመኑኝን ምን ብዬ ልመናቸው አላት። ልጅቱ ብርጭቆ እያጠበች ሰማችው፤ ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችው ጠየቀችው።

"አባዬ፣ እማዬ የዚህን ቤት የውሃ መዝጊያ ቦታ ታውቀው ነበር?"

"ምን ያደርግላታል፣ እኔ እያለሁ?"

"አታውቀውም ነበር። ያኔ ማጠቢያው የፈነዳ ጊዜ አንተ ከሥራ እስክትመጣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በባልዲ ስትቀዳ አጠገቧ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነው። እንዳልነግርህ ለምናኝ ነው እስከዛሬ ዝም ያልኩት።"

ጋሽ ጠብታ ውሃ የማያነሳ ምክንያት ደርድሮ፣ ራሱም ሳያምንበት ተወው። ልጁ ብርጭቆዎቹን ደፍታ፣ ጉንጩን ስማው ሄደች።

በዚያው ሳምንት ጎኑን ቆረጠው። የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሰው ቧንቧ ሲከፍት የኖረ ሰው የራሱ ተዘጋ። ሰኞ ቀዶ ሕክምና አደረጉለትና አስተኙት። ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ግሉኮስ ጠብ፣ ጠብ ሲል ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም፤ ነርሷን ሁለት ጊዜ ጠርቶ "ልጄ፣ ይሄ ነገር እያፈሰሰ ነው" አላት። ልጁ ዕረፍት እንዲያገኝ ብላ ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ኃላፊዋ ወደ ክፍሉ ገባች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፤ ጫማዋ ሲረግጥ ይጮኻል። ጋሽ ጠብታ ልትጠይቀኝ መጣች ብሎ ሊኮሳተር ሲል፣ ቀሚሷን አየና ክው አለ። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ነው አለችው። በሴቶቹ መኝታ ክፍል ሥር የሚያልፈው ትልቁ ቧንቧ ፈንድቷል። የእሱ ስልክ ዝግ ነው፤ የት እንደተኛ የነገራት ፀጉር ቆራጩ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት መጣን እንዳሉ ናቸው። ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ቢጠሩ ግቢውን ዞሮ ዞሮ፣ መዝጊያ የሌለው ቤት ዛሬ ገና አየሁ ብሎ ቆሞ ቀርቷል። አሮጊቶቹን ተሸክመው ግቢ ውስጥ አውጥተዋቸዋል።

"ጋሼ፣ የት ነው የሚዘጋው?"

ዓይኑን ጨፍኖ ነገራት። እሷ ወዲያው ወጥ ቤቷ ጋ ደውላ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ በአልጋው ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ጠብታ ውሃውን ሰማው። ሌላ ሰው ጫጫታ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እሱ ግን ቧንቧው ስንት ጣት እንደተቀደደ ሳይቀር ለየ። በርሜሉ ሲጎተት ተሰማ፤ ድንጋዩ ሲነሳ፤ ከዚያ የወጥ ቤቷ ማቃሰት።

"አገኘሁት። ግን አልዞር አለኝ።"

"ወደ ግራ" አለ ጋሽ ጠብታ።

"ምን?"

"ወደ ግራ ነው የሚዘጋው።"

ወጥ ቤቷ ማን እንደሚሰማት ረስታ፣ "ምን ዓይነት ሰው ነው ወደ ግራ የሚዘጋ ነገር ቀብሮ የሚሄድ?" አለች። ከዚያ የውሃው ድምፅ ቀነሰ፤ ቀጠነ፤ ጠብታ ሆነ፤ ቆመ። ጋሽ ጠብታ በሕይወቱ ውሃ ሲቆም ሰምቶ ያፈረው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኃላፊዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቀሪውን ነገረችው። ጥልፍ ሠሪዋ፣ የሰባ ስምንት ዓመቷ አሮጊት፣ ከአልጋዋ ስትወርድ ውሃው ላይ ተንሸራታ ቀኝ እጇ ተሰብሯል። እዚሁ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት ናት። አልወቀሰችውም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል" አለችው የአንሶላውን ጫፍ እያስተካከለች። "ብቻዎን ለምን ይሸከማሉ?"

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ዞር ስትል ተነሣ። ግሉኮሱ የተሰቀለበትን ዘንግ እየገፋ፣ ጀርባው የተከፈተ የሆስፒታል ልብስ እንደለበሰ፣ በአሳንሰሩ ምድር ቤት ወረደ። ጥልፍ ሠሪዋ እጇን በጄሶ ታስራ ትራስ ላይ ተደግፋለች። ይህች ሴት ስንት ሙሽራ የተኛበትን አንሶላ ጠርዝ ጠልፋለች፤ መጦሪያ ቤት ከገባችም በኋላ መርፌ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም።

"እትዬ፣ የሰበርኩዎት እኔ ነኝ" አላት።

"አንተ ደግሞ፤ ውሃው ነው እንጂ።"

ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ድንጋዩን፣ በርሜሉን፣ አቧራ አለው እያለ ሰው ማስወጣቱን፣ ሚስቱ በባልዲ የቀዳችውን ሳይቀር። አሮጊቷ ሳታቋርጠው ሰማችና፣ "ወደ ግራ ነው አሉ የሚዘጋው?" አለች።

"አዎን።"

"እንግዲያው እኔም በግራ እጄ መልመድ ነዋ።" ሳቀች፤ እሱንም አሳቀችው፤ ስፌቱ ሳይቀር አመመው። እየሳቀ እያለ እንባው መጣ፤ አልደበቀውም።

መራመድ እንደቻለ ወደ መጦሪያ ቤቱ የሄደው ቅዳሜን ሳይጠብቅ ማክሰኞ ነው። ፍራሾቹ በግድግዳው ላይ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። የፈነዳውን ቧንቧ ሌላኛው ሠራተኛ ጠግኖታል፤ ጋሽ ጠብታ አየው፣ ሊነቅፍ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ከማድቤቱ ወለል ሥር የአለቃውን መዝጊያ አወጣ። በምትኩ እንደ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ የሚዘጋ አዲስ መዝጊያ ማድቤቱ በር አጠገብ፣ ከውጭ በኩል፣ በደረት ቁመት ገጠመና ቀይ ቀለም ቀባው። ከዚያ ሁሉንም ጠርቶ አሰለፋቸው። ወጥ ቤቷ፣ ኃላፊዋ፣ ዘበኛው፣ መቆም የሚችል ሁሉ በየተራው እንዲዘጋና እንዲከፍት አደረገ። "ቀስ፣ ቀስ፤ መዝጊያ ነው እንጂ የጠላት አንገት አይደለም" እያለ ይቆጣል። ፖስተኛው "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብሎ ተሳለቀበት፤ ተራው ሲደርስ ግን ሦስት ጊዜ ዘግቶ ከፈተ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አንዲት አሮጊት ግን እጇ አልደረሰም። ጋሽ ጠብታ ቀለሙ ያልደረቀውን መዝጊያ ፈትቶ፣ በወንበሯ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጎ እንደገና ገጠመው።

በማግስቱ ከኃላፊዋ ጋር ጠበቃው ዘንድ ሄዱ። አሥራ አራቱ ግዴታዎች በቀይ ቀለም አንድ በአንድ ተሰረዙ። ለጎሚኒው ሱቅ ትንሽ ተከራከረ፤ ለማፏጨቱም። በመጨረሻ የቀረው ጠበቃው መጀመሪያ ያለው ብቻ ሆነ፦ ሱቆቹ አይሸጡም፤ ኪራያቸው ቤቱ ለሚያስፈልገው ይውላል። ኃላፊዋ በራሷ ሐሳብ አንድ ነገር አስጨመረች፤ ከሰፈሩ ሦስት ሰዎች በየዓመቱ አጠቃቀሙን እንዲመረምሩ፣ እሷንም ጭምር። ጋሽ ጠብታ ብዕሩን ይዞ ቆየ።

"ሲያንጠባጥብስ?" አላት።

"ሲያንጠባጥብ እናሠራዋለን። ዳቦ ሲያልቅም ዳቦ እንገዛለን።"

ፈረመ። እሷም ፈረመች። ከዚያ ጋሽ ጠብታ የጫማ ሻጩ ኪራይ ከዚህ ወር ጀምሮ በቀጥታ ወደ መጦሪያ ቤቱ ይሂድ አለ። ጠበቃው ይሄ እኮ ኑዛዜ ውስጥ አይገባም ቢለው፣ "አይግባ፤ የላሟን ወተት እኔም በዓይኔ ልየው" አለ።

እሑድ ልጁ ስትመጣ ጓሮ ወሰዳት። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ክዳን አነሳና የቤታቸውን መዝጊያ አሳያት። አዙሪው አላት። ዞረላት፤ ማድቤት ውስጥ የተከፈተው ውሃ ዝም አለ። "እናትሽ ሦስት ሰዓት..." ብሎ ጀመረ። ልጁ ክንዱን ያዘችው። እናቷን ባስታወሰ ቁጥር ስለ ቧንቧ ብቻ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ናፈቀችኝ አለ።

ወሩ አልፎ ቅዳሜ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጦሪያ ቤት ገባ። በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ዝም ያለ ነው። የወንዶቹ መታጠቢያ ሐሙስ አንጠባጥቦ ነበር፣ ወጥ ቤቷ ዘግታ ጎሚኒውን ራሷ ቀይራዋለች፤ ይህን ስትነግረው የአዲስ ሹመት ያህል ኮርታ ነበር። ኃላፊዋ ከመጀመሪያው ኪራይ የተገዛውን ነገረችው፦ ዱቄት፣ ሁለት አንሶላ፣ የጥልፍ ክር። ክር? አለ በሆዱ። ከአሥራ አራቱ በአንዱም ውስጥ ክር አልነበረም። ቀና ሲል ቀዩ መዝጊያ አጠገብ የተሰቀለ ጨርቅ አየ። "ውሃ መዝጊያ" ይላል፤ ከሥሩ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት አለ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ ቀስቱም ተጣሟል። ጥልፍ ሠሪዋ በግራ እጇ የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ጋሽ ጠብታ፣ የተጣመመ ነገር ሲያይ ማቅናት የሚወድ ሰው፣ ጨርቁን በመዳፉ ዳሰሰውና እንዳለ ተወው።

ወደ ወንዶቹ መኝታ ክፍል አለፈ። ከስድስቱ ባዶ አልጋዎች የሁለቱ ፍራሽ ተዘርግቷል። አንደኛው የአለቃው ነው። እዚያ ላይ አዲስ የገባ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው ተብሏል። አስታማሚዋ ከፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሙቅ ውሃ በሳፋ አድርጋ፣ ቀኝ እጁን ጭኗ ላይ አሳርፋ ጥፍሩን ትቆርጣለች። ጥፍሮቹ እንደ ከሰል የጠቆሩ ናቸው። ሽማግሌው አፍሮ፣ "ተይው ልጄ፣ ይሄ አይለቅም፤ ስንት ዓመት የገባ ነው" ይላታል።

ጋሽ ጠብታ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ማን እንደሠራው ሳይጠይቅ የኖረው ሥራ ይኸው ከፊቱ ነው።

"ይለቃል" አለ። "አራት ዓመት ቢፈጅም ይለቃል።"

መካኒኩ ቀና ብሎ፣ "አንተ ደግሞ ማነህ?" አለው።

ጋሽ ጠብታ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ሌላ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ብሩሹን ከሳፋው አወጣና የሰውየውን ግራ እጅ ያዘ። ወጥ ቤቷ ሻይ ይዛ መጣች፤ እንደ ልማዱ ይመልሰዋል ብላ ቆማ ጠበቀች። አጠገቤ አስቀምጪልኝ፣ ይሄን ጣት ልጨርስና እጠጣለሁ አላት።